የቴሌስኮፑ ክዳን

ደብሪቱ ታላቅ እህቷን ካኮረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ነገሩ የሆነው የአባታቸው ለቅሶ ላይ ነው። አልቃሿ ደረቷን እየመታች የሟቹን ልጆች ስታነሳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዲህ አለች፦

«ሁለት ዓይን አለኝ ሲል አንዷ ጠፍታበት፣
ወርቅያንሹን ብቻ ተወልን ለቤት።»

አልቃሽ ከራሷ አታወጣም፤ የነገሯትን ነው የምትገጥመው። የነገረቻት ታላቅ እህቷ ወርቅያንሹ መሆኗን ደብሪቱ ወዲያው አወቀች። ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሆነው ሰረቅ አድርገው አዩዋት። በዚያው ዕለት ሸለቆውን ተሻግራ ተመለሰች፤ ዳግመኛ ያን ደጅ እግሬ አይረግጠውም ብላም ማለች። አባቷ ስድስት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቅ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ እንዳልጠየቀችው ግን ለማንም አላወራችም። ግጥሙ ያንገበገባት ውሸት ስለሆነ አልነበረም።

የምትሠራው ከሸለቆው ወዲህ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ጽዳት ናት። ክረምት ሲገባ ተማሪው ይበተንና እሷና ጥበቃው ጋሽ ይመር ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ዓመት የፊዚክስ አስተማሪው መምህር አንዳርጌ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ለእሷ ትቶ ሄደ። ከቁልፉ ጋር አንድ አደራ ነበር። በረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቁመቱ ጎልማሳ ሰው የሚያህል ቀጭን ነጭ ቴሌስኮፕ ተኝቷል፤ በሳምንት አንድ ቀን እየወጣ ፀሐይና ነፋስ ካላገኘ የፊቱ ሌንስ በክረምቱ እርጥበት ይሻግታል።

ዝም ብዬ እንደ በርበሬ ከማሰጣው ልይበት ብላ ድርቅ አለችበት። እሱም አሳያት። ሦስቱን እግሮች ጠንካራ መሬት ላይ መትከል፤ ነፋስ እንዳያርገበግበው ከእግሮቹ መሃል ድንጋይ በገመድ ማንጠልጠል፤ ቱቦውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ ሚዛኑን ማግኘት፤ ሌንሱ የውጭውን ብርድ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ክዳኑን መክፈት። ከኋላ በኩል እሱ ጅራት የሚላት ቀጭን ቱቦ አለች፤ ዓይን የሚጠጋው እሷ ላይ ነው፤ ቁልፏን ሲያዞሩ ትወጣለች፣ ትገባለች።

«ሩቁን ሲያዩ ጅራቷን ያስገቡ፣ ቅርቡን ሲያዩ ያስወጡ» አላት። «በጣም ከቀረበማ ጅራቷ አልቃም አይጠራልዎትም።»

ዓይኗን ስታስጠጋ ዛፉም ቤቱም ራሱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ሰማዩ ከሥር ሆነ። ሰበርኩት ብላ እጇን ሰበሰበች። መምህሩ ሳቀ።

«ለሰማይ የተሠራ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ። ሰማይ ላይና ታች የለውም።»

እሱ ከሄደ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት፣ ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ከጀርባዋ ማዶውን ስታበራው፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ቱቦውን ወደ አባቷ ቤት አዞረችው። ቤቱ ከመንደሩ ተነጥሎ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው፤ በዓይን ሲያዩት የጥፍር ጫፍ አያህልም። በቱቦው ግን የደጁ መዝጊያ ስንጥቅ ሳይቀር ታየ። ወርቅያንሹም ወጣች፤ ተዘቅዝቃ፣ እግሯ ሰማይ ላይ፣ ራሷ ታች፣ እንደ ሌሊት ወፍ። አርጅታለች። ጥቁር ሻሿን ፈታ ስታስር አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ብቻዋን ታወራለች። ድምፅ የለም። የሚሰማው የደብሪቱ የራሷ ትንፋሽና ከሥር ድንጋይ የተንጠለጠለበት ገመድ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው።

አፈረች፤ የሰው ጓዳ በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው አፈረች። ግን ቅዳሜም አወጣችው፣ ሰኞም። ጋሽ ይመር ከበሩ ሆኖ፣ ጨረቃዋን በጠዋት ምን አደረግሽባት እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ሻጋታ ነው ትላለች፣ ሻጋታውን አስለቅቃለሁ። የእህቷን እግር ማነከስ፣ የማገዶዋን ማነስ፣ ጎንበስ ስትል ወገቧን መያዟን ቆጥራ ትገባለች። የበላይ የሆነች ይመስላታል። ከዚያ ሣጥኑን ስትቆልፍ ፊቷ ይግላል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ወርቅያንሹ የማሽላውን ጉድጓድ ስትከፍት አየቻት።

የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አንድ ቀን አድሮ መተንፈስ አለበት፤ ውስጡ የታመቀው አየር ሰው ይገድላል። ቢተነፍስም ብቻውን የሚገባ የለም። አባታቸው በሕይወት ሳለ ሕጉ ይኸው ነበር፤ አንዷ ትገባለች፣ አንዷ ገመድ ትይዛለች። ሁልጊዜ የምትገባው ወርቅያንሹ፣ ሁልጊዜ የምትይዘው ደብሪቱ ነበረች።

አሁን የሚይዝ የለም። ወርቅያንሹ የድንጋዩን ክዳን ገፋች፤ ጥቂት ቆመች፤ ተንበረከከች፤ ቁና ይዛ ጎንበስ አለች፤ ይበልጥ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቱቦው ውስጥ፣ ሁሉ ነገር በተዘቀዘቀበት፣ እህቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። እግሯ ታች፣ ራሷ ላይ ሆነ። እንዲያ ቆማ ቀስ እያለች ወደ ላይ፣ ወደ መሬቱ ውስጥ ገባች። መጨረሻ የጠፋው ተረከዟ ነው።

ደብሪቱ ምን እንዳየች አውቃለች፤ እህቷ በራሷ ተደፍታ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቃለች። ጋሽ ይመር በጩኸት ርቀት ላይ ነበር፤ ማዶ ድረስ የሚጣራ ጉሮሮ አለው። ግን ምን ይዘሽ አየሽ ቢላት? በመንግሥት ዕቃ ስንት ቀን እህትሽን ስታዪ ከረምሽ ቢላት? ደግሞ ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የቀረው ያልሽው አንቺ ነሽ የሚል፣ ዘጠኝ ዓመት የቆየ፣ ደረቅ ነገር። ክዳኑን አንስታ ሌንሱ ላይ ገጠመችው። ቱቦውን በጨርቅ ወልውላ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛችው። ዕለቱን ሙሉ የመማሪያ ክፍሎቹን ወለል አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

ዓርብ የሳምንቱ ተራ ነበር። ቴሌስኮፑን አውጥታ ተከለችው። ግቢው ባዶ ነው፤ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ነው። አፉ ላይ ግን ሴት ቆማለች። ቤቱ ተዘቅዝቋል፣ ዛፉ ተዘቅዝቋል፣ እሷ ቀጥ ብላለች። ጥቁር ሻሽ አልነበራትም፤ ፊቷ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሁሉ አልጠራም። ደብሪቱ ልታጠራው ቁልፏን አዞረች። ጅራቷ የጥፍር ስፋት ያህል ስትወጣ የሴትዮዋ ነጠላ ጠራ፤ ከኋላዋ ያለው ቤት ደበዘዘ።

ያኔ አልገባትም። በማግስቱ ነው የገባት። ቱቦውን በዚያው አቅጣጫ አቁማው ሳለ ሴትዮዋ አሁንም መሃል ላይ ነበረች፤ እሷን ለማጥራት ግን ጅራቷ አንድ ጣት መውጣት ፈለገች። ዓይኗን ከቱቦው አራቀች። ከፊቷ ሸለቆው ብቻ ነው፤ ባዶ አየር፣ የወንዙ ድምፅ፣ ርጥብ የኮሶ ቅጠል ሽታ። መልሳ ስታይ ቆማለች። ትልቅ ሆናለች፤ እየቀረበች ነው።

እሑድ አላወጣችውም። ሰኞ ጋሽ ይመር ገበያ ውሎ ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ፤ የማዶዋ ወርቅያንሹ በቅዳሜውም በዛሬውም ገበያ አልታየችም፣ ታማ ይሆን እያሉ ነው አላት። ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የናት ልጅን ሞትም ቢሆን ያገናኛል፣ ደብሪቱ።»

«ነገ እሄዳለሁ» አለችው። አልሄደችም። ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ነው የከፈተችው።

ጅራቷን አወጣች። አንድ ስንዝር ወጣች፤ ነጩ ነገር ገና ደብዛዛ ነው። ቁልፏን አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ የለም፤ ጅራቷ አለቀች። ቱቦው ውስጥ ማዶም፣ ቤትም፣ ሰማይም አልቀረም፤ የጠበበ፣ ጠይም፣ የሚተነፍስ የሚመስል ነገር ብቻ ሞልቶታል፤ የታመቀ ማሽላ ኮምጣጣ ሽታም ከጅራቷ አፍ እንደ ትንፋሽ ወጣና ሽፋሽፍቷን ነካው።

ክዳኑን ገጠመች፤ ሣጥኑን ቆለፈች፤ የቤተ ሙከራውን በር ቆለፈች፤ ቁልፉን በአንገቷ ክር ላይ አሰረች። ከዚያ የማለችበትን መንገድ ያዘች።

በዚያ ቀን አልዘነበም። ሸለቆውን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱን እያረፈች ስትወጣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ከፊቷ ነበረች። ደጁ ገርበብ ብሏል። ማንም የለም። ጉድጓዱ በቱቦው እንዳየችው ነው፤ ክዳኑ በጎን ተጋድሟል፣ ቁናው ተደፍቷል። ትምህርት ቤቱን ከጀርባዋ አድርጋ ተንበረከከች። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ከታች፣ ማሽላው ላይ፣ ሻሹ ብቻ ተዘርግቷል። ከሻሹ ሥር ሰው የለም።

«እታለም» አለች። ቃሉ ዘጠኝ ዓመት ከአፏ አልወጣም ነበር። «እኔ ነኝ። ገመዱን ልያዝልሽ መጣሁ።»

ይበልጥ ጎንበስ አለች። የኮመጠጠው ሽታ እየጣፈጠ መጣ፤ ክንዷ ከበደ፣ ጉልበቷ ተንሸራተተ፣ አንገቷ እንደ ሕፃን አንገት ወደቀ፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ በክሩ ወርዶ ከንፈሯ ላይ ተንጠለጠለ። በጉልበቶቿ መሃል የመጣችበት ኮረብታ ታያት፤ ተዘቅዝቆ፣ ሰማዩ ከሥሩ ሆኖ፣ ልክ በቱቦው እንደለመደችው። የትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ፣ ሁልጊዜ እግሮቹን በምትተክልበት ቦታ፣ ቆልፋበት የመጣችውን ሌንስ የመሰለች አንዲት ክብ ብርሃን ፀሐይዋን ተቀብላ ፍጥጥ ብላ ወደ እሷ ታያለች። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ብርሃኗም ሰው አይቶ እንዳላየ ሲሆን በእጁ ክዳን እንደሚገጥምባት ሁሉ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ቀስ ብላ ተከደነች።