በኦርቪል ሃከንሰን እጅ የተገኘው አረም

ኦርቪል ሃከንሰን የተገኘው በአኩሪ አተር ማሳው ሰሜናዊ ጫፍ፣ የማይሎ ፖስፒሺልን የወይን እርሻ ከሚለየው አጥር ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሏል። ኮፍያው ደረቱ ላይ፣ መኮትኮቻው ከጎኑ ተቀምጠዋል። የኋላ ራሱ ተመትቷል፤ የግራ ጎድኖቹም ገብተዋል። ቀኝ እጁ ግን የያዘውን አልለቀቀም ነበር። ከነሥሩ የተነቀለ፣ ግንዱ ቀላ ያለ፣ ጥቁር ጭቃ የያዘ አንድ እፍኝ አሉማ ጨብጧል።

መርማሪ ማርሊስ ቲያደን ጎንበስ ብላ ያንን እፍኝ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። እሷም የአዮዋ ገበሬ ልጅ ነች። ሰኔ በመጣ ቁጥር በአኩሪ አተር መስመሮች መካከል እየሄደች ይህንኑ አረም ስትነቅል ነው ያደገችው።

«ብዙ አትጨነቂ» አሏት ሸሪፍ ዱዌን፣ ቀበቷቸውን ከፍ እያደረጉ። «ማን እንዳደረገው ካውንቲው በሙሉ ያውቃል።»

«ማይሎን ነው የሚሉት?»

«ሌላ ማንን እላለሁ? ካፌ ውስጥ ሲናገር ከጎኑ ተቀምጬ እንቁላሌን እየበላሁ ነበር። ‹ኦርቪል፣ ዘንድሮም መድኃኒትህ አጥሬን ከተሻገረ በገዛ መኮትኮቻህ ነው የምቀብርህ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ነገሩ እውነት ነበር። ባለፈው ክረምት ሃከንሰኖች የረጩት የአረም መድኃኒት በነፋስ ተወስዶ የማይሎ ወይን ላይ አረፈ። ቅጠሉ ሁሉ እንደ ኩባያ ታጠፈ፤ በዚያ ዓመት አንድ ዘለላ እንኳ አልደረሰም። ከልጅነታቸው አብረው ያደጉት ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ወዲህ ሰላምታም አቋርጠው ነበር።

«ጌታዬ» አለች ማርሊስ እየተነሣች፣ «በመኮትኮቻ የገደለ ሰው የሟቹን ኮፍያ አንሥቶ፣ አራግፎ ደረቱ ላይ ያስቀምጣል?»

ሸሪፉ ጎንበስ ብለው ኮፍያውን አዩት።

የሟቹ ወንድም ሎረን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር። ሎረን አግብቶ አያውቅም። የኦርቪል ሚስት ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቤት ይኖሩ፣ ማሳውንም አብረው ያርሱ ነበር። የኦርቪል ልጅ ጃኔል የከተማ ሥራዋን ትታ ከመጣች በኋላ ግን ማሽኖቹን የምትነዳው እሷ ብቻ ሆናለች። ፀረ-አረም ለመርጨት ፈቃድ ያላትም እሷ ነች።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አለ ሎረን። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የሚያናግራት። «ሰውዬው እኮ አጥሩን ተሻግሮ ነው ያለው። ሂጂና እሰሪልኝ!»

«እደርስበታለሁ፣ ሎረን። ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ቁርስ ላይ። ‹እስቲ አረሜን ልንቀል› ብሎ ወጣ። ማሳው ላይ አንድ አሉማ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም እኮ! ‹መድኃኒቱ ይገድለዋል፣ ተወው› ብንለው መቼ ይሰማል? ጆሮውስ ድሮም ደንቁሯል።» ሊስቅ ጀመረና ድምፁ ተሰበረ። ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ለማርሊስ ቡና ቀዳላት፤ ሲቀዳ ጣቱን በኩባያው ጠርዝ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ትኩሱ ሲነካው መቅዳቱን ቀጥ አደረገ።

«ዛሬ ጠዋት የመርጫ ማሽኑ ወጥቶ ነበር?»

የሎረን ጆሮዎች ቀሉ። አፉን ሲከፍት ጃኔል ከምድጃው አጠገብ ቀደመችው።

«አልወጣም። ሰሞኑን ነፋሱ ከደቡብ ስለነበር አቁመናል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ በቆሎው ውስጥ ነበርኩ፤ ተምች ገብቷል ብለውኝ ጠርዝ ጠርዙን ስፈትሽ። ለምሳ ስመለስ ነው ... ያገኘሁት።»

ዓይኖቿ አብጠው ጠብበዋል። ማርሊስ ተጨማሪ አልጠየቀቻትም።

ማይሎ ፖስፒሺል ከወይኑ መካከል ቆሞ ትርፍ ቀንበጦችን እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ካቴናውን ይዘሽ መጣሽ?»

«መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምስክር ካልሽኝ ያውልሽ ወይኑ፣ ጠይቂው።» መቀሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ብዬዋለሁ። እቀብርሃለሁ ብዬዋለሁ። ሰው የሚወደውን ሰው ሲቆጣ የማይለው ምን ነገር አለ፣ ልጄ? ክፉኛ ነበር የተቀየምኩት። ይቅርታ እስኪጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አሁን ማንን ነው የምጠብቀው?»

ማርሊስ አንድ የወይን ቅጠል በመዳፏ ላይ ዘረጋች። ለምለም፣ ለስላሳና ዝርግ ነበር።

ኦርቪል በተቀበረ ማግስት ዝናብ ጀመረ፤ ማሳው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሰነበተ። ሸሪፉ በዚህ ሁሉ ጊዜ ማይሎን ለማሰር ሲቸኩሉ፣ ማርሊስ ደግሞ «ትንሽ ይታገሱኝ» ስትል ቆየች። ምን እንደምትጠብቅ ሲጠይቋት «አረሙን» ስላለቻቸው ተቆጥተው በሩን ዘግተውባት ሄዱ። የአረም መድኃኒት ግን ሥራውን ወዲያው አያሳይም። አረሙ ተረጭቶም ለቀናት ምንም እንዳልደረሰበት ቆሞ ይቆያል።

ዝናቡ ሲያባራ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወደ ማሳው ተመለሰች። በመጀመሪያ ሬሳው የተገኘበትን የሰሜኑን ጫፍ በመስመር በመስመር አየች። ኦርቪል ቀድሞ አጽድቶት ኖሮ አንድም አሉማ የለበትም፤ አፈሩም ቡናማና አሸዋማ ነው። ከዚያ ማሳውን አቋርጣ ወደ ደቡቡ ጫፍ ወረደች። ውኃ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ አሉማው እንደ ጫካ።

እዚያ ቆመች።

ከአሉማው ገሚሱ አንገቱን ደፍቷል። የጠወለገው አረም እንደ ሰፊ መንገድ ሆኖ በማሳው ጫፍ ይጓዛል፤ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል፤ የማሽኑ ጎማዎችም አኩሪ አተሩን በየቦታው ደፍጥጠውታል። ከዚያ በድንገት ይቋረጣል። መቋረጫው ላይ መድኃኒቱ ከመጠን በላይ ስለፈሰሰበት አኩሪ አተሩ ራሱ ተቃጥሎ ነጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው አሉማ ሁሉ ለምለም ነው፤ ማንም አልነካውም።

ከማሳው ቀጥሎ፣ በስተደቡብ፣ የኦርቪል ሚስት የጓሮ አትክልት ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላም በየዓመቱ ቲማቲም ይተክልላት ነበር። ማርሊስ አጥሩን ተሻግራ አንድ ተክል ቀና አደረገች። የቲማቲሙ ቅጠል ሁሉ እንደ ኩባያ ታጥፎ ነበር።

ስለ ነፋሱ ልትጠይቅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የአየር ጠባይ ቢሮ ስልክ ደወለች። መልሱን ስትሰማ ስልኩን ዘግታ፣ የኦርቪል ሚስት የደረደረቻቸው ድንጋዮች ላይ ተቀመጠች። ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ እውነቱን ባላወቅሁት ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሃከንሰኖች የማሽን መጋዘን ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ካቴናቸውን ይዘው መጥተዋል። ማይሎ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሎረን እሱ ካለበት ርቆ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። ጃኔል ከአጎቷ ኋላ ነች። በመካከላቸው ትልቁ የመርጫ ማሽን ረጃጅም ክንፎቹን አጥፎ ቆሟል።

«ኦርቪል አጥሩ ሥር አልሞተም» ብላ ጀመረች ማርሊስ። «የጨበጠው አሉማ ጥቁር ጭቃ ነበረበት። በሰሜኑ በኩል አሉማም፣ ጥቁር ጭቃም የለም። የሞተው በደቡቡ ጫፍ ነው። ከዚያ አንሥቶ የወሰደው ሰው አለ፤ ያ ሰው ይወደው ነበር። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ያደረገለት እሱ ነው።»

«ማይሎም ይወደዋል ትይ ይሆናል» አሉ ሸሪፉ።

«ይሰሙኝ። ያ የደቡቡ ጫፍ ተረጭቷል፤ አረሙ አሁን እየሞተ ነው። መቼ ተረጨ? በፊት፣ ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ ቢሆን የማይሎ ወይን በተበላሸ ነበር። ወይኑ ጤነኛ ነው። የተበላሸው በስተደቡብ ያለው ቲማቲም ነው። ነፋሱ ከሰሜን የነፈሰው ኦርቪል በሞተበት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ማሳው ጭቃ ነበር፣ ማሽን አያስገባም።»

ማርሊስ ወደ ማሽኑ ሄዳ የግራ ክንፉን ጫፍ ነካች።

«ማሽኑ በሙሉ በደረቀ ጭቃ ተለብጧል። ይህ ጫፍ ብቻ ታጥቧል፤ ብሎኖቹም አዲስ ናቸው። ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አረም እየነቀለ ነበር። ጆሮው እንደማይሰማ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የነዳው ሰው አላየውም። ክንፉ መታው። ግድያ አይደለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የሚቀረው፣ የነዳው ማን ነው የሚለው ነው። የጎማው መንገድ ...»

«እኔ ነኝ!» ጃኔል ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ የነዳሁት። አላየሁትም። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ያነሣሁትም እኔ ነኝ። በቃ፣ እሰሩኝና እንሂድ። ማርሊስ፣ እባክሽ፣ እንሂድ!»

ሎረን ከቆርቆሮው ላይ ተነሣ። እጁን ወደ ድምፅዋ ዘርግቶ ትከሻዋን ፈልጎ ያዘ።

«ተይ እንጂ፣ ልጄ» አላት በለሆሳስ። «ምን ሆነሽ ነው የማታውቂውን በራስሽ ላይ የምታወሪው? አንቺ በቆሎው ውስጥ አልነበርሽም እንዴ?» ወደ ማርሊስ ዞረ፤ ዓይኑ ግን እንደ ልማዱ በጎኗ አለፈ። «ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ያን ጠዋት ማሽኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ መካከሉ ጠፍቶብኛል፣ የማየው በጎን በጎኑ ብቻ ነው፤ ጃኔልም እንዳልነዳ አስምላኝ ነበር። አፍሬ ነው። ግን ማንንም አልመታሁም። አንድ አጋዘን ነው የመታሁት። ከጋቢናው ሳየው ቡናማ ነገር ወድቋል፤ ለጃኔል ደወልኩላት፣ እሷም ሄዳ አይታ ‹አጋዘኑ ተነሥቶ ሄዷል› ...»

ከዚያ በላይ አልቀጠለም።

ኦርቪል ያን ቀን የለበሰው ቡናማ ቱታ ነበር።

«ጃኔል» አለ ሎረን።

«አጎቴ ...»

«አጋዘኑ ተነሥቷል ብለሽኛል።»

ጃኔል እግሩ ሥር ተደፋች። «እንዳታውቅ ብዬ ነው። ከዚያ ቦታ ላርቀው ብቻ ነበር የፈለግሁት። በፒክአፑ ወሰድኩት። አጥሩ የማን እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም። አባቴን አጣሁ፤ አንተንም አላጣህም ብዬ ...»

ሎረን እጁን ራሷ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ማርሊስ አነሣ።

«ከጋቢናው ሳየው በሕይወት ነበር?»

ማርሊስ ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ስትዘጋጅ ነበር ያደረችው። ውሸቱን አጥንታው መጥታለች። እሱ ግን ከጃኔል ውሸት ገና መውጣቱ ነው፤ ሁለተኛ ልታስገባው አልቻለችም።

«ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለም፣ ሎረን።»

እውነት ነበር። ከ«አዎ»ም ከ«አይ»ም የባሰ እውነት።

ማይሎ ከበሩ አጠገብ ቀስ ብሎ መጣ። «ለምን?» አለ፣ ቁጣው ሁሉ ከድምፁ ጠፍቶ። «ዓይንህን እያወቅኸው፣ ተከልክለህ እያለ፣ አንተ ጅል፣ ለምን ያን ጠዋት?»

«ነፋሱ ዞረ» አለ ሎረን። «በሩ ላይ ስቆም ፊቴን ነካኝ። ዛሬ ቢረጭ ወደ ማይሎ አይሄድም አልኩ። እሷን ብጠብቅ ደግሞ ተመልሶ ይዞራል። አንተና ኦርቪል እንድትታረቁ ነው።»

ማይሎ ሸሪፉን ገፋ አድርጎ አለፈና ሲሚንቶው ላይ፣ ከሎረን አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱም አላለቀሱም። ሸሪፉ ካቴናቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወደ ውጭ ወጡ።

በሎረን ላይ ክስ አልተመሠረተም። ጃኔል ማስረጃ በማጥፋት ተከሰሰች፤ ዳኛው በገደብ ለቀቋት። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ማርሊስን ጠብቃ አገኘቻት። ከስታ፣ የአባቷን ኮት ለብሳ ነበር።

«ሎረን ይበላል?» ብላ ጠየቀቻት ማርሊስ።

«ማይሎ ሲመጣ ትንሽ ይቀምሳል። ከእኔ ጋር ግን ጸጥ ነው። ቢቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ።» ቀና አለች። «ባትነግሪው ኖሮ ማይሎ ይታሰር ነበር። አውቀዋለሁ። ልክ ነሽ። ግን ያኔ ስትመጪ፣ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ‹ሂጂና እሰሪልኝ› ሲልሽ ትዝ ይልሻል? ጠላት ነበረው እኮ። ለሐዘኑ የሚጮህበት ሰው ነበረው። አሁን በማን ላይ ይጩህ?»

ማርሊስ የጃኔልን የኮት አንገት አስተካከለችላትና አብረው ደረጃውን ወረዱ።