ድንቡሼ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ቁንጥንጥ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ማን ይጠራዋል? ቤታቸው ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። አባቷ ቀሚስ ሊለኳት ሜትሩን ሲዘረጉ፣ እሷ በር ላይ ደርሳለች። «የመንደሩን ሰው ሁሉ ልክ አውቃለሁ፤ የዚችን ልክ ግን ያወቀ የለም» ይላሉ። አትሳቁ እንጂ! እዚህም መካከላችን አንድ ቁንጥንጥ አለ። ስሙን አልጠራም።

ቁንጥንጥ አንደኛ ክፍል ገባች። አዲስ ቦርሳ፣ አዲስ እርሳስ፣ አዲስ ጫማ። ማንበብ ልማር ነው ብላ ደስታዋ ሌላ ነበር። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ተማሩ መሰላችሁ? በር መግባት!

መምህርቷ ልጆቹን ሁሉ ወደ ውጭ አወጧቸው። «አሁን ሳትገፋፉ ግቡ» አሉ። ገቡ። «ቦርሳችሁን መስቀያው ላይ ስቀሉ።» ሰቀሉ። «ወንበር አትጎትቱ፤ ከፍ አድርጋችሁ አንሱ።» አንዱ ወንበሩን አናቱ ላይ አወጣው። «እንደገና!» አሉ መምህርቷ። እንደገና ወጡ፣ እንደገና ገቡ።

ቁንጥንጥ አኩርፋ ቤቷ ገባች። «አባዬ፣ በር መግባት ነው የሚያስተምሩን! በር መግባት እኮ ድመትም ይችላል!»

አባቷ ሳቁ። «ድመት አርባ ሆና አትገባም፣ የኔ እናት። እናንተ ግን አርባ ናችሁ። ሰው እንዳይረገጥ ነው» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ከሥርዓቶቹ ሁሉ ደግሞ አንዷን ልንገራችሁ። በሩ አጠገብ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ ገመድ ያላት ቀይ እንጨት ተሰቅላለች። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ልጅ እንጨቷን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይወጣል፤ ሲመለስ ይሰቅላታል። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ አንድ ልጅ ወጥቷል ማለት ነውና ይጠበቃል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ስለሆነ፣ መምህርቷ ሰው ውጭ መኖሩን የሚያውቁት በዚህ ነው። «እንጨቷ የሁላችሁም ናት» ብለዋል።

አንድ ቀን ቁንጥንጥ እንጨቷን አጥልቃ ወጣች። ግቢው ውስጥ አንድ አናጢ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። መላጊያውን ሽው ባደረገ ቁጥር ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርዳል። አቤት ደስ ሲል!

«ሂጂ አንቺ! ክፍል የለሽም?» አላት አናጢው።

ሮጣ ተመለሰች። ልቧ ግን እዚያው ቀረ። ሚስማሩ ጋ ስትደርስ መምህርቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። «ብሰቅላት ሌላ ልጅ ይወስዳታል» ብላ አሰበች። «ኪሴ ውስጥ ካለች ግን ስፈልግ እወጣለሁ።» ከዚያ ምን አደረገች? አዎ፣ ያሰባችሁትን አደረገች። ኪሷ ከተተቻትና ምንም እንደማያውቅ ሰው ቁጭ አለች።

አጠገቧ የሚቀመጠው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ድንቡሼ ነው። ድንቡሼ የተባለውን የሚያደርግ፣ ያልተባለውን የማይነካ ልጅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሚስማሩን አየ። እግሩን አቆላለፈ። እንደገና አየ። ግንባሩ ላይ ላብ መጣ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ቁንጥንጥ በሹክሹክታ።

«ሽንቴ መጥቷል።»

«ታዲያ ሂዳ!»

«እንጨቷ የለችም። የወጣው ልጅ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነው።»

ወይ ጉድ! የወጣው ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ የለም እንዴ! ቁንጥንጥ ፊቷ ጋለ። እንጨቷን ከኪሷ አውጥታ ከጠረጴዛው ሥር ሹልክ አድርጋ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ቶሎ ሂድ!»

ድንቡሼ እጁን ሰበሰበ። «አይሆንም! ከሚስማሩ ላይ ነው የሚወሰደው። ካዩኝ የደበቅካት አንተ ነህ ይሉኛል።»

«ማንም አይልህም! ውሰድ!»

«አልወስድም» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ቁንጥንጥ፣ ሊያመልጠኝ ነው።»

ልጆች፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አርባ ልጅ ፊት ሱሪ ማራስ! ዓመቱን ሙሉ ይስቁበት ነበር። ቁንጥንጥ ይህን አላጣችውም። ብትነሳ ሌባ ሆና ትታያለች፤ ባትነሳ ድንቡሼ ይዋረዳል። ፈራች። ሆዷ ግን ለድንቡሼ ባባ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እርዳኝ» አለች በልቧ።

ከዚያ ተነሳች። እንጨቷን በእጇ ይዛለች። ክፍሉ ሁሉ እያያት እስከ በሩ ሄደችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለቻት። ገና እጇን ሳትመልስ ድንቡሼ እንደ ጥይት መጣ። እንጨቷን አጥልቆ እብስ አለ!

ደረሰ ወይ? ደርሷል፣ ደርሷል። አትጨነቁ።

መምህርቷ ጠመኔውን አስቀመጡ። «እንጨቷ የት ነበረች?»

«ኪሴ ውስጥ፣ ቲቸር። ደብቄያት ነው። አናጢውን ደግሜ ላየው ፈልጌ ነው። ይቅርታ!» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

መምህርቷ አልተቆጡም። «እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ሲጠብቅ የነበረው እኔ አይደለሁም።»

ድንቡሼ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። እንጨቷን በሥርዓት ሰቀለና መጥቶ ተቀመጠ። ቁንጥንጥ ንፍጧን ጠረገች። «ድንቡሼ፣ ስትጠብቀው የነበረው ልጅ እኮ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ድንቡሼ አሰበ፣ አሰበና፣ «ታዲያ አጠገቤ ተቀምጠሽ ለምን አልተመለስሽም?» አላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷም አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። ቁንጥንጥም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ድንቡሼ ኮስተር ብሎ። «ሁለተኛ ግን እንዳይለምድሽ። እኔ እጠብቃለሁ፤ ሽንት ግን አይጠብቅም።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ የክፍል ሥርዓት ተራውን ለሚጠብቀው ጓደኛችሁም ጭምር የተሠራ ነውና፣ የጋራውን ለብቻችሁ አትደብቁ፤ ካጠፋችሁም ሌላው ሳይጎዳ ቶሎ ብላችሁ ጥፋታችሁን እመኑ።