ሸሚዙን መለሰ

ጦርነቱ ሦስተኛ ክረምቱን ሲይዝ የሠራዊቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጣሪያ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር፤ አጣቢዎቹም «ከዚህስ ደጁ ይሻላል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከእነሱ አንዷን እመት ሳሙና ይሏታል፤ ጣቶቿ ሟሙተው ሊያልቁ ደርሰዋላ! አንድ ልጇ ግንባር ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ሲሄድ ኮሌታው ውስጥ በቀይ ክር ምልክት ሰፍታለት ነበርና፣ የቆሸሸ ልብስ በመጣ ቁጥር እጇ ቀድሞ ኮሌታ ይገለብጣል።

አንድ ጠዋት ቀዩ ክር ተገኘ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቀዷል።

«ጌታዬ፣ የዚህ ባለቤት የት ነው?» አለችው ልብስ ተረካቢውን አስር አለቃ።

«እኔ ልብስ ነው የምረከብ፤ ሰው አልረከብም።»

አልጮኸችም፤ አጠበችው። ከዚያ ከጓደኛዋ ከቀጮ ጋር የብርድ ልብስ ጫፍና ጫፍ ይዘው መጭመቅ ጀመሩ፤ አንዴ ይጠመዝዛሉ፣ ውሃው እስኪወርድ ቆም ይላሉ፣ ደግመው ይጠመዝዛሉ። በዚያው ምት ከእመት ሳሙና አፍ ዜማ ወጣ፦

«አጥቤ ብሰጠው፣ ደም ነክሮ አመጣው፤
ሸሚዙን መለሰ… ልጄን የት አረገው?»

እስከ ምሳ ሰዓት አጣቢዎቹ በሙሉ ዘፈኑን ያዙት። አስር አለቃው እየበረረ መጣ።

«ሁለተኛ ይሄን የዘፈነች ወህኒ ትወርዳለች!»

ዝም አሉ። ግን ያለ ዜማ አንዷ ስትጠመዝዝ ሌላዋ ትለቃለች፤ ቀጮ ገንዳ ውስጥ በቂጧ ተቀመጠች፤ የመኮንኖቹ አንሶላ ሳይደርቅ ሸተተ።

«ሳትዘፍኑ መጭመቅ አታውቁበትም እንዴ?» አለ አስር አለቃው ተጨንቆ።

«ምን እናድርግ ጌታዬ፣ እጃችን ጆሮ አለው!» አለች ቀጮ።

«በሉ ዜማውን ብቻ! ቃል እንዳልሰማ!»

አንጎራጎሩ። ቃሉንማ ማን ያጣዋል? ልብስ ጫኝ ሾፌሮቹ ወደ ግንባር ወሰዱት፤ ግንባሩ ወደ ከተማ መለሰው፤ በዓመቱ የቤተ መንግሥቱ በር ላይ የቆመው ሕዝብ እሱኑ ይዘፍን ነበር፤ እሷ ውሃው እስኪወርድ ቆም የምትልበት ቦታ ላይ እየቆመ።

ጦርነቱ አበቃ፤ ሹማምንት ተለዋወጡ፤ እመት ሳሙና አረጀች። በየዓመቱ በሰላም ቀን አዲሶቹ ሹሞች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዘምሩታል። አንዱ ሹም «ደራሲው ያልታወቀ የሕዝባችን እንጉርጉሮ!» ሲል፣ አደባባዩ ላይ ከሕዝቡ መሃል ቀጮ እመት ሳሙናን ጎሸም አደረገቻት።

«አንቺ፣ ተነሽና ተናገሪ እንጂ!»

«ምን ብዬ? እኔ ጠየቅሁ እንጂ ዘፈንኩ እንዴ? ተይኝ፣ ደክሞኛል።»

አደባባዩ ሙሉ «ሸሚዙን መለሰ» አለና ቆመ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የአሮጊቷ እጆች የቀሚሷን ጫፍ ጠመዘዙ።

ታሪክ ዜማውን አልረሳም፤ ያቺን ውሃ መጠበቂያ ዕረፍት እንኳ አልጣለም። ልጇ የደረሰበትን ግን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በየዓመቱ እየጠየቀ፣ አንድም የነገራት ሰው የለም።