የንጋቴ እርጥብ ዘር

በአርሞን ቤተ መንግሥት አጸድ የመጨረሻዋ ንጋቴ ደረቀች። ንጋቴ ዛፎች ቅጠል ሳያወጡ ቀድማ የምታብብ፣ ውርጭን ከምድር የምታባርር የጫካ አበባ ነበረች። እሷ ስትጠፋ ውርጩ ሰው ልብ ውስጥ ገባ። እናት ልጇን ቀብራ አታለቅስም፤ ሙሽራም አይስቅም።

ብዙ ጀግኖች ከሩቁ የኤልዳር ጫካ ዘሯን አምጥተው ነበር። ግን የአርሞን ሰው ዘርን ጭስ ላይ ሰቅሎ ካላደረቀ ዘር አይመስለውም፤ የአባት ወግ ነዋ! አንዱም ሳይበቅል ቀረ።

እናቷን በደረቅ ዓይን የቀበረችው ታርሚና ከታላቅ ወንድሟ ከጎልማን ጋር ዘመተች። ደፋሮች ስለሆኑ አይደለም፤ መፍራትም ስላቃታቸው ነው እንጂ። የጫካው ጠባቂ፣ ቀንደ ረጅሙ ዘንዶ፣ ዘሩን ሰጥቶ አስጠነቀቃቸው፦

«በበሰበሰ ቅጠል ጠቅልላችሁ አርጥቡት። ከደረቀ ሞተ።»

«በእጄ ቢደርቅ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ብላ ማለች ታርሚና።

ሲመለሱ፣ በአመድ በረሃ መካከል፣ ውሃቸው አለቀ። በቅሉ የቀረችው ጉንጭ የማትሞላ ነበረች።

«ጠጣ፣ ወንድምዓለም» አለችው።

ጎልማን ቅሉን ተቀብሎ በጥቅሉ ላይ አንጠፈጠፈው። የበረሃው ዳር ሲታይ በውሃ ጥም ወደቀ።

«አልቅሺልኝ፣ እህቴ።»

«አልችልም።»

«አውቃለሁ። ሲመጣልሽ አልቅሺልኝ።»

ቀበረችው። ምንም አልተሰማትም። አመዱን ከእጇ አራግፋ ጥቅሉን ዳሰሰች፤ እርጥብ ነበር።

አርሞን ስትደርስ የጭስ ቤቱ አለቃ ዘሩን ለመስቀል እጁን ዘረጋ። ታርሚና ሰይፏን መዘዘች።

«የወንድሜን ውሃ የጠጣ ዘር ጭስ አይነካውም!»

በዚያው ዕለት ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በበሰበሰ ቅጠል መካከል ዘራችው። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልታየም። ሰዉ «ላም አለኝ በሰማይ» አላት፤ እሷ ግን ቅጠል ማልበሷን አልተወችም። በሁለተኛው አንዲት ኮሳሳ ቅጠል ወጣች፤ ከዚያም ዓመታት አለፉ።

አንድ ማለዳ፣ ዛፎቹ ገና ራቁታቸውን ሳሉ፣ ነጭ አበባ ፈነዳ። ውርጩም ከምድር ለቀቀ።

ንጉሡ አጸዱ ድረስ ወርደው «ታርሚና ሆይ፣ ምን ልሸልምሽ?» አሏት።

  አፈሩ ላይ ተደፍታ ጮኻ አለቀሰች። ዙሪያዋን የቆመው ሕዝብም፣ እያንዳንዱ ያላለቀሰለትን ሟች እየጠራ፣ አብሯት ማልቀስ ጀመረ።

«ወንድምዓለም» አለች፣ «መጣልኝ።»