ስንዝር የጎደለው ክታብ

ፈጠራ ነው የምትሉ እዚህ ላይ ተዉት። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ትናንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ለንደን፣ ኤድመንተን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን።

"ቤታችን" ያልኩት የእኔንና የሌዊን ነው። ለሐበሻው ሁሉ ደባሎች ነን። ለራሳችን ግን ዘጠኝ ዓመት አብረን የኖርን ፍቅረኞች ነን።

መጋዘን ነው የምንሠራው። ሁለታችንም የደብተራ ልጆች ስለሆንን ክታብም እንጽፋለን። ሰዉ በሐሜት "መተተኞቹ" ይለናል፤ ሲጨንቀው ግን የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው።

ሌዊ የክርስትና ስሙን የነገረኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። በእኛ ሙያ ስሙን የሰጠህ ሰው ነፍሱን ሰጥቶሃል። ከዚያ የበለጠ "እወድሃለሁ" ሰምቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ጥር ሲገባ ሳንባውን ታመመ። ከሆስፒታል ተደውሎ "ዛሬን ላያልፍ ይችላል" ተባልኩ።

አላለቀስኩም። ውስጤ በድን ሆኖ ነበር... ብራና ዘረጋሁ።

ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚቆረጠው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር። ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ካለው ሥጋ ቤት አምጥቼ፣ ፍቄ ያቆየሁት የፍየል ቆዳ ግን አንድ ስንዝር አነሰ። ሌላ ቆዳ መፋቅ ደግሞ ቀናት ይፈጃል።

"ስንዝር ምን ያመጣል?" አልኩ።

ጽፌ ጠቀለልኩትና ሆስፒታል ሄጄ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። በሦስተኛው ቀን በእግሩ እየሄደ ቤት ገባ። ሐኪሞቹም ግራ ገባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው...

ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ይውላል። አይታወቀውም።

የፈላ ውሃ እግሩ ላይ ተደፋ። ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ።

ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ እኔ ነው... የእግሩ ጣቶች ግን ወደ በሩ ይዞራሉ።

ትናንት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። የበሩን መቃን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

"ሳዶቅ..." አለኝ በሹክሹክታ።

"ወይ።"

"እኔ አይደለሁም የምሄደው።"

"ማነው ታዲያ?"

"እግሬ ነው... ያዘኝ።"

ወገቡን ያዝኩት። የሚጎትተን ጉልበት የእሱ አልነበረም።

"ሐኪምህ ጋ፣ ጂፒው ጋ፣ ቡክ ላድርግልህ?"

"አትቀልድ። የጻፍከውን አንተ ታውቃለህ።"

አውቅ ነበር። ከእግሩ በኩል ያልሸፈንኩትን ስንዝር ሞት ይዞታል። ካላስለቀቅኩት ሌዊን ሙሉውን ይወስደዋል።

በቀበቶ ከሶፋው ጋር አሰርኩት። አባቴ ከአገር ስወጣ በቁመቴ ልክ የጻፈልኝን ክታብ ፈታሁና መቀስ አነሳሁ።

"ያንተን ነው እኮ የምትቆርጠው!"

"ዝም በል።"

"ሳዶቅ፣ አታድርገው..."

ከግርጌው ስንዝር ቆረጥኩ። ስሜን ፍቄ በቀይ ቀለም የእሱን ጻፍኩበትና ከእሱ ክታብ ጋር ሰፋሁት።

ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ስንል እግሩ ሞቋል። ደስ አለኝ። በዚህ ወር የተሰማኝ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

"እግርህ ቀዝቅዟል" አለኝ ሌዊ።

"ተኛ" አልኩት።

አሁን ነግቷል። ይህን የምጽፍላችሁ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሌዊ እጄን እንደያዘ ተኝቷል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

በእኔ በኩል፣ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ ድረስ፣ ምንጣፉ ላይ የባዶ እግር እርጥብ ዳና አለ... የሄደ እንጂ የተመለሰ የለም።

ብርድ ልብሱን እስካሁን አልገለጥኩትም።