«ተፈትሿል» የሚለው ምልክት

መዝጋቢዋ ጠዋት የጋራ ዕቃ ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ ኃላፊውን ከመሞከሪያው ጠረጴዛ አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለው አገኘቻቸው። ቀኝ እጃቸው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ እንደ ጨበጠ ቀርቷል። የማሽኑ ገመድ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ ነው።

«ጋሼ! ኧረ ጋሼ!»

ሮጣ ቆጣሪውን አጠፋች። ጎንበስ ብላ ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ ሞተዋል፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርድ ወድቆ አየች። የእጅ ጽሑፉን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም፤ የወንድሟ ነው። የዚህን ቤት ማሽኖች የሚጠግነው እሱ ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው እንዳይባል ፈራች። ምን እንደምታደርግ ሳታውቀው ካርዱን ሳታነበው ኪሷ ከተተች፤ ፖሊስም የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕቃ ቤቱን የከፈተው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ነዋሪው ሁሉ መሰላልና መጋዝ በየቤቱ ከሚገዛ እየተዋሰ ይሥራ ብሎ አዳራሽ ሰጠ፤ ማሽኖቹን በየወሩ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪም መደበ። ተቆጣጣሪው የፈተሸውን ዕቃ «ተፈትሿል» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ሰው የማያውቀው ሰው ሲነካካው የከረመ ማሽን ደፍሮ የሚይዘው ያንን ምልክት አይቶ ነው።

መርማሪዋ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ከመሰርሰሪያው ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። በጥፍሯ የምልክቱን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ተወችው። ከዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ መዝጋቢዋን፣ ወንድሟንና ተቆጣጣሪውን።

«ይሄን ማሽን መጨረሻ የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ። «ትናንት ፈታሁት። ውስጡ ሽቦ ተልጦ ከማሽኑ የብረት አካል ጋር ተነካክቷል። መለዋወጫ ስላልነበረኝ መልሼ ገጠምኩትና ‹እንዳትሰኩት› ብዬ ካርድ አሰርኩበት።»

«ካርዱ የታለ ታዲያ?» አለ ተቆጣጣሪው። «እኔ ጠዋት ከቢሮዬ አልወጣሁም። ሰውየውን የገደላቸው የዚህ ልጅ ዝርክርክነት ነው።»

ወንድሟ ዙሪያውን አየ። «አስሬዋለሁ! እናቴን! አስሬዋለሁ!»

መዝጋቢዋ ነገሩ ገባት። አድነዋለሁ ብላ ገመዱን አንገቱ ላይ ያስገባችው ራሷ ናት። ካርዱን ብታወጣው ማስረጃ ደብቀሻል ተብላ ልትታሰር ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ወንድሟ አለቀለት።

«እህቴ» አለች መርማሪዋ፣ «ከገባሁ ጀምሮ እጅሽ ከኪስሽ አልወጣም። አይዞሽ፣ አውጪው።»

መዝጋቢዋ ካርዱን ዘረጋች። «እንዳትሰኩት፤ ይገድላል» ይላል። ጫፉ ላይ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሏል።

«መደበቅሽን በኋላ እንነጋገርበታለን» አለች መርማሪዋ። «አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። የክሩ ግማሽ አሁንም ማሽኑ ላይ ነው፤ ምልክቱ የተለጠፈው በክሩ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካርዱ ተበጠሰ፣ ቀጥሎ ምልክቱ ተለጠፈ። ሌሎቹን ዕቃዎች እዩዋቸው፤ ምልክታቸው አረንጓዴ ነው። የዚህ ብቻ ሰማያዊ ነው። ለምን?»

«ከዛሬ ጀምሮ አረንጓዴው በአዲስ ምልክት ይቀየራል ተብሏል» አለች መዝጋቢዋ።

«ምናልባት ሟቹ ራሳቸው ለጥፈውት ይሆናል» አለ ተቆጣጣሪው ቶሎ ብሎ።

«ከየት አምጥተው?» አለች መዝጋቢዋ። «የእኛ የአዲሱ ምልክት ድርሻ የመጣው ዛሬ ነው! ጠዋት ስገባ ፖስታውን ከመልእክተኛው በር ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ይኸውና፣ ገና አልተከፈተም።» ተቆጣጣሪው የሁሉም አለቃ ነው። አሁን ግን የጀመረችውን መዋጥ አልቻለችም። «ጋሼ ባለፈው ሳምንት ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ሳትፈትሽ ስትለጥፍ ደርሰውብሃል። ዛሬ እዚሁ መጥተህ በፊታቸው ካልፈተሽክ ለምክር ቤቱ እናገራለሁ ብለውህ ነበር። ነግረውኛል።»

«ስለዚህ መጣህ» አለች መርማሪዋ። «ምልክቱ የሚታደለው ካንተ ቢሮ ነው፤ ሰማያዊው ዛሬ ጠዋት ካንተ በቀር በማንም እጅ አልነበረም። ካርዱን በጥሰህ ከጠረጴዛው ሥር ጣልከው፤ ወድቆ ሳያዩት ቀሩ እንዲባል። እሳቸው ግን ባንተ እምነት አጥተው ሳለ እንዴት ሰኩት?»

ተቆጣጣሪው አንገቱን ደፋ። «መለኪያዬን ይዤ የምለካ መሰልኩ» አለ። «‹ደህና ነው፣ ይሞክሩት› አልኳቸው።»

ወንድሟ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ሳትፈትሽ የለጠፍክባቸው ሌሎቹ የት ናቸው?»

«አርባ ያህል ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «በየሰው ቤት።»

መዝጋቢዋ መዝገቡን አንስታ ወደ ስልኩ ሮጠች። የመጀመሪያዋ ተዋሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ የወሰዱ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ተነሣ። ከወዲያ ማዶ ማሽን ይጮኻል።

«እትዬ! ማሽኑን እንዳይነኩት!»

«ምን አልሽ ልጄ? ጩኸቱ አላሰማ አለኝ፤ ቆይ ላጥፋው።»

«በእጅዎ አይንኩት! እትዬ! እትዬ!»

ጩኸቱ ድንገት ቆመ። ምንም አይሰማም። መዝጋቢዋ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«አጠፋሁት እኮ» አሉ መምህርቷ። «ምን ነበር ያልሽኝ?»

መዝጋቢዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከነገረቻቸው በኋላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ጣቷን ቀጣዩ ስም ላይ አሳረፈች፤ ደወለች።