ሁለት ረዥም፣ አንድ አጭር

ጂን እንዳለ አምናለሁ፣ ቁርዓን ነግሮኛልና፤ የሰፈሬ ሰው «ትናንት አየሁት» የሚለውን ጂን ግን በሕይወቴ አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤቴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ እንግዳውን አቋርጬ ሌላ ጨዋታ የማስጀምር ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስጠግን ነው፣ ማሽን ደግሞ ያለ ምክንያት አይጮህም፤ ድምፅ ካለ የሆነ ቦታ የላላ ብሎን አለ፣ ፈልጎ ማጥበቅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ «ሰውዬው ቃዠ» እንዳትለኝ ነው።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ የለም። አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ፣ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ለብቻዬ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ሰይድ የሚባል የደሴ አስጎብኚ ፎቶ ወዳዶችን ሰብስቦ ከገራዶ ወዲያ ካለው ገደል የዱር እንስሳት ሊያሳይ መሆኑን ስሰማ፣ ልጄን ለይላን ይዤ ተመዘገብኩ። ለይላ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የምታነሳው በስልኳ ነው፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ለእኔ ፎቶ አይደለም፣ ይህንንም ሳልነግራት የዋልኩበት ቀን የለም።

ጎህ ሲቀድ መኪናው ውስጥ ስገባ ሰይድ ኮቴንና ከራባቴን አየና፣ «ጋሽ ሁሴን፣ ጭላዳ ነው የምናየው ወይስ ዳኛ?» አለ፣ ሁሉም ሳቀ። ብርድ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ይህን ልብ በልልኝ። ትንሽ እንደሄድን ምልክት አስተማረን።

«ገደሉ ላይ ጉም ሳይነግር ነው የሚመጣው። የጠፋ ሰው ባለበት ይቁምና ያፏጭ፣ ሁለት ረዥም፣ አንድ አጭር። አሁን የፈጠርኩት ነው፣ በሉ እንሞክረው!»

ሁሉም ማፏጨት ጀመረ፣ ለይላም ከንፈሯን ስታሾል አየኋት። አየኋት ስልህ ምንም አልተናገርኩም፣ ብቻ አየኋት፤ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች። ሴት ልጅ አታፏጭም ብዬ ነው ያሳደግኳት፣ ትንሽ ሆና ስትሞክር አንድ ቀን በጥፊ መትቻታለሁ፣ አልደብቅህም። እኔንም አባቴ ፉጨት ነውር ነው ብሎ ስላሳደገኝ ማፏጨት አልችልም።

«እርስዎስ ጋሽ ሁሴን?» አለ ሰይድ።

«እኔ ከጠፋሁ ዱዓዬ ይበቃኛል» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ ብቅ አሉ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ወንዶቹ ጋማቸው በንፋስ እየተበተነ፣ መጥተው ሜዳው ላይ ቁጭ አሉና ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበሉ ጀመር፣ ሱብሃነላህ አልኩ። አንድ ትልቅ ወንድ አጠገቡ የሚያስቸግረውን ግልገል ሊገሥጽ አልጮኸም፣ አልመታም፣ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አድርጎ አየው፣ ግልገሉም አደብ ገዛ። «አባት ማለት ይህ ነው!» አልኩና ለይላን «እዚህ ድንጋይ ላይ ጠብቂኝ» ብያት ተከተልኩት።

ጉሙ ያን ጊዜ መጣ፣ እመነኝ፣ ካሜራዬን ከዓይኔ እስካወርድ ድረስ ዓለም ነጭ ሆነች። እየዳበስኩ ወደ ድንጋዩ ተመለስኩ፣ ድንጋዩ አለ፣ ለይላ የለችም። «ለይላ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ድምፄ ጥጥ ውስጥ እንደገባ መርፌ ጠፋ። ገደሉ ከዚያ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ሌላው ሰው ሁሉ ቢጠፋ ያፏጫል፣ የእኔ ልጅ ግን አትችልም፣ እንዳትችል ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ያን ያወቅኩባትን ደቂቃ ለጠላቴም አልመኛት።

ከዚያ ሰማሁ። ሁለት ረዥም፣ አንድ አጭር።

ከፊት ለፊቴ ነው የመጣው፣ ቀጠን ያለ፣ የማይቸኩል ፉጨት። ጥቂት ሄጄ ስቆም ደገመልኝ፣ እንደገና ሄድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ጉሙ ትንሽ ሳሳና አንዲት ሰስ አየሁ፣ ከፍየል የምታንስ የገደል እንስሳ ናት፣ የድንጋይ ጫፍ ላይ በሰኮናዎቿ ጫፍ ቆማለች፣ አራቱም እግሮቿ ተሰብስበው አንድ ስኒ አፍ ላይ ይበቃሉ፣ እንዲህ ያለ አቋቋም ከአላህ በቀር ማን ይሠራል! አላህ ይማረኝ፣ ልጄ ጠፍታ ጣቴ ካሜራውን ተጫነ። አንድ ፎቶ አነሳሁ።

ሰሷ ዘልላ ስትሄድ ከድንጋዩ ወዲያ ለይላን አየኋት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፣ ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም።

«አባ፣ መቼ ነው ማፏጨት የተማርከው?» አለችኝ እየሳቀች።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያፏጨሽው?»

«እኔ? እኔ መቼ እችላለሁና! አንተን ልፈልግ ብዬ እየሄድኩ ነው በዚያ በኩል የሰማሁት» ብላ ወደመጣሁበት ጠቆመች። «ባለህበት ቁም አይደል የተባልነው፣ ይመጣል ብዬ ቁጭ አልኩ።»

አሻግሬ ሳይ ከእግሯ ጫፍ ሁለት እርምጃ ወዲያ መሬት የለም። እኔ ብሆን እየጮህኩ ሮጬ እገባበት ነበር፤ እሷ ግን ሰማች፣ ተቀመጠች፣ ጠበቀች። ስንት ዓመት «ትዕግሥት የላትም» ስላት የኖርኩትን ልጅ ያን ዕለት ነው ያወቅኳት።

ሌሎቹ ከመኪናው አጠገብ ነበሩ፣ አንድም ፉጨት የሰማም ያፏጨም የለም፤ ምልክቱን ደግሞ በዚያ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከነበርነው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰይድ ነገሩን ስነግረው፣ «ሰስ ስትደነግጥ እኮ ታፏጫለች» አለኝ፣ የላላው ብሎን ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደዚህ ቆጥራ ግን አታፏጭም» አለ፣ ሞተሩን አስነሳና እስከ ደሴ ድረስ አንድም ቀልድ አልቀለደም።

ማታ ለይላ በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችኝ፣ ለካ ጉሙ ሲመጣ ጀምራ ስልኩን አላጠፋችውም። ነጭ ጉም፣ የእሷ ትንፋሽ፣ ከዚያ ያቺ ሰስ ከድንጋዩ ላይ። ፉጨት የለም። ሦስት ጊዜ ዝም ይላል፣ ሦስት ጊዜ ለይላ «ሰማሁህ አባ፣ ቁጭ ብያለሁ» ትላለች። የሰሷ አፍ አንድም ጊዜ አልተከፈተም፤ ጆሮዎቿ ግን ሦስቱንም ጊዜ፣ ለይላ ከመናገሯ በፊት፣ አብረው ይዞራሉ። እኔ ወዳለሁበት አይደለም፣ ለይላ ወዳለችበትም አይደለም፣ አየር ብቻ ወዳለበት፣ ወደ ገደሉ። ሮጬ ካሜራዬን ከፈትኩ፣ በእኔም ፎቶ ጆሮዎቿ ወደዚያው ናቸው።

ፎቶዋን አሳትሜ ሳሎን ሰቅያታለሁ፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል። ልጅ የምታሳድግ ከሆነ የምትከለክለውን ነገር ሁለቴ መዝነው፣ አንድ ቀን ነፍሱን የሚያድንበት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ለይላ አሁን ታፏጫለች፣ ፈቅጄላታለሁ፣ ዕቃ ስታጥብ ሁለቱን ረዥም አሳምራ ታወጣቸዋለች። ሦስተኛዋን፣ አጭሯን ግን፣ ምልክቱ እንዳይሞላ፣ እንዳትጨምር እለምናታለሁ። አልቆጣትም፣ እለምናታለሁ። «ምን እንዳይሆን ነው አባ?» ትለኛለች፣ እኔም ቀና ብዬ የሰሷን ጆሮዎች አያለሁ።